የእንግሊዝኛን ግሥ ጊዜ ለመምረጥ አማርኛን መመርመር

በእንግሊዝኛ ድርሰታችሁ ላይ መምህሩ በቀይ ቀለም ከሚያሰምሩባቸው ስሕተቶች አንዱ የግሥ ጊዜ ነው። ብዙዎቻችሁ ስሕተቱ የሚመጣው የእንግሊዝኛን የግሥ ሠንጠረዥ በቃል ካለመያዝ ይመስላችኋል። የእኔ አስተያየት ግን ከዚህ ይለያል። ሠንጠረዡን እንደ ውዳሴ ማርያም የሚወርዱት ተማሪዎችም ሲሳሳቱ አይቻለሁ። የስሕተቱ ሥር ያለው የገዛ ቋንቋችን ግሥ ጊዜን እንዴት እንደሚገልጽ ቆም ብለን ባለመመርመራችን ላይ ነው።

መምህር በነበርኩበት ዘመን የደረሰውን ላጫውታችሁ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እናቱ በገጠር ታመውበት ሊጠይቃቸው ፈቃድ ፈለገ። የክፍሉ ኃላፊ ከውጭ አገር የመጡ መምህር ስለ ነበሩ ማመልከቻውን የጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። በልቡ ያለው «እናቴን አመማት» የሚለው ነው። «አመማት» በመልኩ ኃላፊ ጊዜ በመሆኑ፣ በወረቀቱ ላይ «ማይ ማዘር ዋዝ ሲክ» ብሎ አሰፈረ። መምህሩም «ታማ ነበር ካለ ድናለች ማለት ነው፤ ታዲያ ምን ያስኬደዋል?» ብለው ከለከሉት። ልጁ መምህሩን ጨካኝ ናቸው አለ፤ መምህሩም ልጁን ሰበበኛ ነው አሉ። ነገሩ የተፈታው ከሁለት ቀን በኋላ ልጁ እኔ ዘንድ መጥቶ በአማርኛ ባስረዳኝ ጊዜ ነው። «ዋዝ» በሚለው ፈንታ «ኢዝ» ብሎ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዕለት በተሳፈረ ነበር።

እስቲ ልብ በሉ። «አመመኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ ገባኝ» ስንል ግሦቹ የኃላፊ ጊዜን መልክ ይዘዋል፤ የሚናገሩት ግን አሁን ስላለንበት ሁኔታ ነው። ረኀቡ ጀምሯል፤ ገና አልለቀቀንም። እንግሊዝኛ ይህንኑ በአሁን ጊዜ «አይ አም ሀንግሪ» ብሎ ይገልጸዋል። የቡና ቤት አስተናጋጅም ሲጠራ ከቆመበት ሳይነቃነቅ «መጣሁ!» ይላል። ይህን ቃል በቃል «አይ ኬም» ብሎ የሚተረጕም፣ ገና ያልደረሰውን ሰው እንደ ደረሰ ያደርገዋል፤ በእንግሊዝኛ የሚባለው «አይ አም ካሚንግ» ነው።

የቅርብ ኃላፊ ጊዜም እንዲሁ ያሳስታል። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል የሚነቅፈን የለም። በእንግሊዝኛ ግን «ሃቭ ሲን» የሚለው የግሥ መልክ «ትናንት» ወይም «ባለፈው ዓመት» ከመሰለ ተለይቶ ከተጠቀሰና ካለፈ ጊዜ ጋር አይስማማም፤ በዚያ ቦታ የሚገባው «ሶው» ነው። ደግሞም «እዚህ ከተማ አምስት ዓመት ኖርኩ» የሚል ሰው ዛሬም በከተማው ሊኖር ይችላል። በእንግሊዝኛ ስለ ራሱ «ሊቭድ» ብሎ ቢጽፍ ግን አንባቢው ከተማውን ለቆ የሄደ ይመስለዋል፤ አሁንም በዚያው የሚኖር ከሆነ «ሃቭ ሊቭድ» ማለት አለበት። «አባቴ ቅዳሜ ገበያ ይሄዳል» የሚለውም ዘወትር ቅዳሜን ወይም የፊታችንን ቅዳሜ ሊያመለክት ይችላል። እኛ ከአነጋገሩ አካሄድ እንረዳዋለን፤ እንግሊዝኛ ግን «ጎዝ» እና «ዊል ጎ» ብሎ ይለየዋል።

አንዳንድ መምህራን «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛን እርሱ፤ በእንግሊዝኛ አስቡ» ይላሉ። ምክሩ ቋንቋውን ለተለማመደ ሰው ይጠቅማል። ጀማሪው ግን ስለ ታዘዘ ብቻ አፉን የፈታበትን ቋንቋ ሊረሳ አይችልም። አማርኛው ተደብቆ እየሠራ ከሚያሳስተው፣ ወደ ብርሃን ወጥቶ ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን ቢታይ ይሻላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መማሪያ አድርጎታል። ስለዚህ በግሥ ጊዜ ላይ የሚደርሰው ስሕተት ከእንግሊዝኛ ደብተር አልፎ በታሪክና በሳይንስ መልሳችሁም ላይ ይከተላችኋል።

ከዚህ በላይ የተባለው አማርኛ ጐደሎ ነው ለማለት አይደለም። እያንዳንዱ ቋንቋ ጊዜን የሚሰፍርበት የራሱ ቍና አለው፤ በአንዱ ቍና የተሰፈረውን በሌላው ሳይሰፍሩ መገልበጥ ነው ጥፋቱ። እንግዲህ ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ድርጊቱ አብቅቷል ወይስ እስከ አሁን አለ? የተፈጸመበት ጊዜ ተለይቶ ተጠቅሷል? ዘወትር የሚሆን ነው ወይስ ወደፊት የሚሆን? ይህን የመለሰ ተማሪ ትክክለኛውን የግሥ መልክ ለመምረጥ ብዙ አይቸገርም።

መልመጃ፦ «ደከመኝ»፣ «ደክሞኛል»፣ «ደክሞኝ ነበር» የሚሉትን ግሦች በየዐረፍተ ነገሩ እያስገባችሁ ጻፉ፤ አሁን የደከመው ሰው የትኞቹን እንደሚናገር ለይታችሁ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።