አዳራሹን የሰጠ ጨዋታውን አይውረስ

ስለ ቦውልስ ልንጽፍ ነው ስንል የምናገኘው የመጀመሪያ መልስ ሳቅ ነው። «የጡረተኞች ጨዋታ!» ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል። እኛ ግን ገና አላለቀም እንላለን። አንድ ጨዋታ ራሱን ለቴሌቪዥን ሲሸጥ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚከስር ማየት የፈለገ ሰው፣ ከእግር ኳሱ ጫጫታ ትንሽ ወጣ ብሎ የብሪታንያን የቤት ውስጥ ቦውልስ ይመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለማታውቁት፦ ተጫዋቹ ትልቅ ኳስ ምንጣፍ ላይ እያንከባለለ «ጃክ» ወደምትባል ትንሽ ኳስ ያስጠጋል። ይበልጥ የቀረበው ነጥብ ያገኛል። ቀላል ይመስላል አይደል? ትልቁ ኳስ ግን ሲሠራ ጀምሮ ወደ አንድ ጎን እንዲያዘነብል ተደርጎ ስለሆነ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እየታጠፈ ነው የሚደርሰው። ዕድሜ ልክ ቢለማመዱት የማያልቅ ጥበብ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከክለብ ነው። እንግሊዞች ብርዱ ሲገባ ሣር ላይ መጫወት ስለማይችሉ ጣሪያ ሥር ገቡ። በ1903 የተመሠረተው የእንግሊዝ ቦውሊንግ ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት፣ የክሪኬቱ ዝነኛ ደብልዩ ጂ ግሬስ፣ በለንደኑ ክሪስታል ፓላስ የቤት ውስጡን ጨዋታ ካስጀመሩት ሰዎች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ለአሥርተ ዓመታት ያቆዩት በአባላት መዋጮ የሚተዳደሩ ክለቦች ናቸው።

ከዚያ 1979 መጣ። የመጀመሪያው የዓለም የቤት ውስጥ ቦውልስ ሻምፒዮና በስኮትላንድ ኮትብሪጅ ተካሄደ። ፒፓውን ከአፉ የማይለየው እንግሊዛዊው ዴቪድ ብራያንት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዋንጫዎች በተከታታይ ወሰደ። ስፖንሰሩ ማን ነበር? ኤምባሲ ሲጋራ። ሲጋራ ከስፖርት ጋር ምን አገናኘው ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ አጭር ነው። በብሪታንያ የሲጋራ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን መተላለፍ የተከለከለው በ1965 ነው። በሩ ሲዘጋ በመስኮት ተገባ። ማስታወቂያ ከመግዛት ይልቅ ስሙን በውድድሩ ላይ መለጠፍ! ይኸው ስም በስኑከሩም በዳርቱም የዓለም ሻምፒዮና ላይ ተለጥፎ ኖሯል። ኩባንያው የወደደው ካሜራውን ነው፤ ጨዋታው ሰበቡ ነበር።

ገንዘብ ክፉ ነው እያልን አይደለም። በጨዋታው የተካነ ሰው በሙያው ቢከበርና እንጀራ ቢበላበት ደስ ይለናል። ክሳችን ሌላ ነው። ገንዘቡ ሲገባ ጨዋታውን ማን ሊወስን ነው የሚለው ጥያቄ በቅጡ አልተጠየቀም። ውጤቱም እነሆ።

አንደኛ፣ ሕጉ ተቆረጠ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነጠላ ግጥሚያ የሚያልቀው አንዱ 21 ነጥብ ሲሞላ ነበር። ኋላ ጨዋታው በሴት ተከፋፈለ፤ ቀጥሎም እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ዙር ያላቸው ሁለት ሴቶች፣ እኩል ከሆኑ ደግሞ የሦስት ዙር መለያ ሆነ። ለስርጭት ሰዓት ይመቻል። ነገር ግን ቀስ ብሎ ከኋላ ተነስቶ ማሸነፍ የጨዋታው ነፍስ ነበር፤ በሦስት ዙር ምን ይነሳል?

ሁለተኛ፣ «የዓለም» የሚለው ቃል ረከሰ። ከ1979 እስከ 1991 በነጠላ ያሸነፉት በሙሉ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከሰሜን አየርላንድ ናቸው። ይህን ሰንሰለት የበጠሰው በ1992 አውስትራሊያዊው ኢያን ሹባክ ነው። የሣሩ የዓለም ሻምፒዮና ግን ገና በ1966 ሲጀመር የተካሄደው አውስትራሊያ ነበር። ዓለም ማለት ካሜራው የቆመበት ሰፈር ማለት ነው እንዴ?

ሦስተኛ፣ ሴቶች። የሴቶቹ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1988፣ ከወንዶቹ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ነው። ከተጀመረም በኋላ ዋናው ነጠላ ውድድር 32 ተጫዋች ሲያሰልፍ የሴቶቹ ሰንጠረዥ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሆኖ ኖረ። በክለቡ ምንጣፍ ላይ ግን ሴቶች ጎን ለጎን ይጫወታሉ። ጉልበት ወሳኝ ባልሆነበት ጨዋታ ለዚህ ምን ምክንያት አለ? እኛ አላገኘንም።

አራተኛ፣ ቤቱ አንድ ሆነ። ሻምፒዮናው ከኮትብሪጅ ተነስቶ በፕሬስተን አዳራሽ አልፎ፣ በ1999 ሆፕተን-ኦን-ሲ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ወዳለው ፖተርስ የተሰኘ መዝናኛ ገባ። አዳራሹን የሰጡት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ውድድሩ የሚያርፍበት አጥቶ እንዳይንከራተት አድርገዋል። ግን በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ምሰሶው የተነቃነቀ ቀን ምን ይውጠዋል?

«ሌላ ምን ምርጫ ነበር?» የሚሉን አይጠፉም። ነበር። ዳርትን እዩ። ቴሌቪዥን ፊቱን ሲያዞርባቸው ታላላቆቹ ተጫዋቾች ማኅበሩን እያዩ ዝም አላሉም። በ1993 ተለይተው ወጡ፣ ታገዱ፣ ተካሰሱ፣ ነገሩም በ1997 በስምምነት ተቋጨ። ያ አሮጌ ማኅበር በ2020 ፈረሰ። የተገነጠሉት ግን ዛሬ ትልልቅ አዳራሽ ይሞላሉ፤ በ2019 መጨረሻ ፋሎን ሸሮክ በዚያው መድረክ ወንድ ተጋጣሚዋን አሸንፋለች። እዚያም ገንዘቡ ቅዱስ አይደለም። ልዩነቱ፣ የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰዱት ተጫዋቾቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። የቦውልስ የዓለም ዋንጫ የክለቦችና የተጫዋቾች ይሁን። ሕግ ሲለወጥ ቀድመው ይጠየቁ። የሴቶቹ ሰንጠረዥ ከወንዶቹ እኩል ይሁን። ውድድሩም ከአንድ አዳራሽ ወጥቶ ከተማ ለከተማ ይዙር። ስፖንሰር ይምጣ፣ ካሜራም ይምጣ፤ እንግዳ ሆነው ይምጡ። እንግዳ ይከበራል፣ ይጋበዛል፣ ከፍ ካለ ወንበር ይቀመጣል። የቤቱን ቁልፍ ግን ማንም ለእንግዳ አይሰጥም።

እናንተ ደግሞ በጡረተኞች ጨዋታ ከመሳቃችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ። የምትወዱት ቡድን የሚጫወትበትን ሰዓት የሚወስነው ማን ነው?