ሲሚንቶና የጭቃ ቤት እድሳት

ክረምቱ አልፎ መስከረም በጠባ ጊዜ፥ ባለቤት ግድግዳውን ዙሮ መመልከቱና የተሰነጠቀውን መድፈኑ ከጥንት የቈየ መልካም ልማድ ነው። ዱሮ ለዚህ ሥራ ጭቃና ጭድ ይበቃ ነበረ። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ቤቱ የሚጸናለት በሲሚንቶ ሲለሰን ብቻ ስለሚመስለው፥ ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ በዚሁ ላይ ያፈስሳል። ይህ ገንዘብ በከንቱ እንዳይቀር የሲሚንቶን ጠባይ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

በባሕር ዛፍ ቆሞ በጭቃ የተመረገ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይስባል፤ በበጋ ደግሞ መልሶ ያወጣል። ስለዚህ በየወራቱ ጥቂት ያብጣል፥ ጥቂትም ይኰማተራል። የሲሚንቶ ልስን ግን ደረቅና ግትር ስለ ሆነ ከጭቃው ጋራ አብሮ አይንቀሳቀስም። በስንጥቁ የገባው ወይም ከመሬት የወጣው ውኃ መውጫ ሲያጣ፥ እንጨቱ ከልስኑ ኋላ ይበሰብሳል፤ ጭቃውም ይላላል። ላዩ አምሮ እየታየ ውስጡ ያልቃል። በመጨረሻም ልስኑ በትልልቁ ተገንጥሎ ሲወድቅ፥ በሥሩ የተኛውን ሰው ሊጐዳ ይችላል።

ለዚህ ነገር የጎንደር ታሪክ ምስክር ይሆናል። በፋሲል ግቢ ያሉት ሕንጻዎች የተሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር። ነገር ግን ይህ ጥገና ለጥንታዊው ግንብ የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ኋላ በተደረገው እድሳት ወደ ቀድሞው ኖራ መመለስ ግድ ሆነ። ለነገሥታት ግንብ ያልተስማማው አጠጋገን ከግንብ ይልቅ ለሚለሰልሰው ለጭቃ ግድግዳ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም።

እንዲህ ሲባል ግን ሲሚንቶ የማይጠቅም ነው ማለት አይደለም። ለድንጋይ መሠረት፥ ለወለል ሊሾ፥ ለደጃፍና ለውኃ መውረጃ ቦይ እጅግ የሚበጅ ነው። ዋናው ነገር ቦታውንና ተራውን መጠበቅ ነው። አስቀድሞ የሚያፈስሰውን ጣሪያ መክደን፥ በግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ማንሣትና ውኃው ከቤቱ እንዲርቅ ቦይ ማውጣት ይገባል። ከዚያም ግድግዳውን ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ መርጎ ኖራ መቀባት ነው። ቀድሞ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ያለው ሰውም በጣቱ እያንኳኳ ይመርምር፤ እንደ ባዶ ቅል የሚጮኽ ስፍራ ከተገኘ ልስኑ ስለ ለቀቀ፥ በሰው ላይ ሳይወድቅ ማፍረስ ያስፈልጋል።

በሲሚንቶ መሥራት በሚገባበት ስፍራም ሥራው ጥንቃቄ ይሻል። አሸዋው ከአፈር የጸዳ ይሁን። ለሊሾ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለ3 እጅ አሸዋ ይበቃል። ውኃ ማብዛት ለሠራተኛው ቢያቀልለትም ጥንካሬውን ይቀንሳል። መጠንከር የጀመረውን ድብልቅ እንደገና በውኃ ማላላትም እንዲሁ ጉዳት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለ ደረቀ ሳይሆን ከውኃ ጋራ ስለ ተዋሐደ ነውና፥ የተሠራው ሥራ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ እየጠጣ ከፀሐይ መከለል አለበት። ከረጢቱም ከመሬት ከፍ ብሎ በሳንቃ ላይ ይቀመጥ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ስለሚያቃጥል፥ ሠራተኛው እጁንና ዓይኑን ይጠብቅ።

እንግዲህ ግንበኛ የሆነ ሁሉ ደንበኛው የጠየቀውን ከመሥራቱ በፊት ለቤቱ የሚስማማውን ሊነግረው ይገባል። በየከተማው ያሉት የሕንጻ ባለሙያዎችም ይህን ዕውቀት ለሕዝብ ቢያስተምሩ ታላቅ ጥቅም ይሰጣሉ። ባለቤቱም ሲሚንቶ ከመግዛቱ በፊት ውኃው ከወዴት እንደሚገባ ይፈልግ፤ ውኃው ያልተከለከለለት ቤት በምንም ቢለሰን አይጸናምና።