ለስኳርና ለቁርጥማት፦ የዲሞናው ምሳ ለጽዳት ሠራተኛዋም ይድረሳት

«የሜዲትራኒያን አመጋገብ» የሚለውን ቃል ከኩፓት ሖሊም ሐኪም ወይም ነርስ ያልሰማ የስኳር ታማሚ በቤኤር ሼቫ ያለ አይመስለኝም። ሰምቶ ሲያበቃ ግን ብዙው ሰው የተሰጠውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ሳልሞን፣ ኪኖዋና አቮካዶ ነው። በቤቱ ያለው ደግሞ እንጀራ፣ ሽሮና ድንች ወጥ ነው። «ይህ የፈረንጅ ምግብ ነው፤ እኛን አይመለከትም» ብሎ ይተወዋል።

እኔ ግን በጣም ይመለከተናል እላለሁ። አንደኛ፣ ይህ አመጋገብ ከወላጆቻችን የቀድሞ ማዕድ ብዙም የራቀ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጥቅሙ ከተረጋገጠባቸው ታዋቂ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው እዚሁ በደጃችን፣ በሠራተኞች ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የኩሽና ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታም ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሰል ኪስና ባልደረቦቹ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰባት አገሮች የሰዎችን ምግብና የልብ ጤና አጥንተዋል። ከሁሉም ጎልተው የታዩት የግሪክ ደሴት የቀርጤስ ገበሬዎች ነበሩ። ሀብታሞች አልነበሩም። የሚበሉት ጥቁር ዳቦ፣ ባቄላና ሽምብራ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ፍራፍሬና የወይራ ዘይት ነበር፤ ሥጋ የሚቀምሱት አልፎ አልፎ ነው። እንግዲህ ይህንን ከጎንደር ወይም ከትግራይ ገጠር ማዕድ ጋር አስተያዩት። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ በበዓል ብቻ የሚታረደው በግ። የጎደለው የወይራ ዘይቱና ዓሣው ነው እንጂ መሠረቱ አንድ ነው። የድሃ ገበሬ ምግብ ነው፤ የሆቴል ምግብ አይደለም።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ፕሮፌሰር አይሪስ ሻይና ባልደረቦቿ በዲሞና የኑክሌር ምርምር ማዕከል ከሚሠሩ ሰዎች መካከል 322 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። ሠራተኞቹ በሦስት ተከፈሉ፦ ስብ የቀነሰ ምግብ፣ የሜዲትራኒያን ምግብ፣ ዳቦና ስኳርን የመሰሉ ነገሮች የቀነሰ ምግብ። ውጤቱ በ2008 ታተመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስብ የቀነሱት በአማካይ 2.9 ኪሎ፣ የሜዲትራኒያኖቹ 4.4 ኪሎ፣ ዳቦና ስኳር የቀነሱት 4.7 ኪሎ ክብደት ቀነሱ። ከተሳታፊዎቹ 36ቱ የስኳር ታማሚዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል የሜዲትራኒያኑን ምግብ የበሉት በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳራቸው ሲወርድ፣ ስብ ብቻ የቀነሱት ግን አልወረደላቸውም። 36 ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፤ በእርሱ ብቻ መማል አይገባም። ሆኖም ከሌሎች አገሮች ጥናቶች ጋር የሚስማማ በመሆኑ ክብደት አለው።

እኔን ግን ከኪሎው ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ለሁለት ዓመት እንዴት ጸኑ? የቀኑ ዋና ምግብ ምሳ ሲሆን፣ እርሱም በሥራ ቦታው ምግብ ቤት ይቀርብላቸው ነበር። በእያንዳንዱ ምግብ ላይ ምን እንዳለበት የሚያሳይ ባለቀለም ምልክት ይለጠፍ ነበር። የምግብ ባለሙያ በየጊዜው ታነጋግራቸው ነበር። ለትዳር ጓደኞችም ትምህርት ተሰጥቷል። ስለዚህ የጸኑት ልባቸው ከእኛ ስለጠነከረ አይደለም፤ ትክክለኛው ምግብ በትክክለኛው ሰዓት ፊታቸው ስለቀረበ ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ወገናችን በሙሴ ዘመቻና በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ሲገባ ስኳር በሽታ በመካከሉ እጅግ ጥቂት ነበር። በዚህ አገር ጥቂት ዓመታት ከኖረ በኋላ ግን በሽታው ከሌላው ሕዝብ በልጦ ተገኘ። በሐዴራ የሂሌል ያፌ ሆስፒታል ሐኪም የሆኑት ዶክተር አናት ያፌና ባልደረቦቻቸው ደግሞ አንድ ልብ የሚባል ነገር አሳይተዋል፦ የእኛ ሰው ሳይወፍርም ስኳር ይይዘዋል። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር አይነካኝም» የሚሉ አባቶች ይህንን ይስሙ። ደም መመርመር ለወፍራም ሰው ብቻ አይደለም።

ምን ተለወጠ? ደማችን አልተለወጠም፤ ገበታችንና አኗኗራችን እንጂ። በእግር የምንወጣው ዳገት ቀረ፣ አውቶቡስ መጣ። ስኳሩንም እንቁጠረው። አንዲት እናት አቦል፣ ቶናና በረካን በሦስት በሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብትጠጣ 9 ማንኪያ ይሆናል። ጧትና ማታ ቡና ከተፈላ 18 ማንኪያ ነው። አንዱ የሻይ ማንኪያ ወደ 4 ግራም ስለሚመዝን በቀን ከ70 ግራም በላይ ስኳር ከቡና ብቻ ገባ ማለት ነው። አንድ ጣሳ ኮላም ብቻውን ወደ 9 ማንኪያ ስኳር ይይዛል። በአገር ቤት ግን ስኳር የበዓልና የእንግዳ ነገር ነበር፤ ቡናም በጨው ይጠጣ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። ቡናው ይቅር የሚል የለም። ሥርዓቱ ይቀጥል፤ ስኳሩ ግን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀነስ። ምላስ ይለምዳል።

እንጀራውም ያው ነው። ጤፍ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ብዙ ቤት ነጭ የስንዴ ዱቄት ቀላቅሎ መጋገር ለመደ። ነጭ ዱቄት ቶሎ ወደ ስኳር ይለወጣል። የጤፍም ቢሆን እንጀራ መጠን አለው። ወጡን እየቀነሱ እንጀራውን ማብዛት ለስኳር ታማሚ አይሆንም። መፍትሔው ትሪውን መገልበጥ ነው፦ ግማሹ አትክልት፣ ማለትም ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቲማቲምና ኪያር፤ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ ዓሣ ወይም ዶሮ፤ የቀረው ሩብ እንጀራ። ድንች ከአትክልቱ ሳይሆን ከእንጀራው ወገን ይቆጠር። ዘይቱ ደግሞ ከጠርሙስ አይንቆርቆር፤ በማንኪያ ይለካ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የወይራም ይሁን ሌላ፣ 120 ካሎሪ ያህል አለው።

ስለ ቁርጥማትስ? እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። በዕድሜና በሥራ ብዛት የሚያልቅ ጉልበት አለ። ሰውነት ራሱን በራሱ እየተቆጣ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥበት ሩማቶይድ የሚባል በሽታ አለ። የእግር አውራ ጣትን በድንገት የሚያቃጥል ሪህም አለ፤ እርሱን ቢራና ሥጋ ማብዛት ያባብሰዋል። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ሐኪም ነው። ለሩማቶይድ በስዊድን ካልማር ከተማ የተደረገና በ2003 የታተመ ትንሽ ጥናት፣ ለሦስት ወር የሜዲትራኒያን ምግብ የበሉ ታማሚዎች እብጠትና ሕመማቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ላለቀ ጉልበት ደግሞ ዋናው ነገር ክብደት ነው። በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው፣ ውፍረትና የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ሸክም 4 ኪሎ ያህል ይቀላል። የዲሞናዎቹን 4.4 ኪሎ በዚህ ብናሰላው በየእርምጃው ከ17 ኪሎ በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ስትጠርግ ለምትውል እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ግዢው እንሂድ። በሃዒር ሃዓቲቃ ሱቆችና በከተማው ሹክ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ቅጠላ ቅጠል ለመግዛት ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ሳልሞን ከተወደደ የሳርዲን ቆርቆሮ አለ። ጥሕና ሰሊጥ ነው፤ ሰሊጥን ደግሞ እኛ ለማንም አንጠየቅም። የወይራ ዘይት ስትገዙ በጠርሙሱ ላይ «ካቲት ሜዑሌ» የሚል መኖሩን እዩ፤ ውድ ከሆነ ለሰላጣና ለበሰለ ጎመን ብቻ አድርጉት። በሱፐር ዋጋ ስታወዳድሩ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በመደርደሪያው ላይ የተጻፈውን የ100 ግራም ዋጋ ተመልከቱ። ከ2020 ጀምሮ በታሸጉ ምግቦች ላይ የሚለጠፈው ቀይ ክብ ምልክት ደግሞ ዕብራይስጥ ለማያነብም የተመቸ ነው፤ ሥዕል አለበት። ስኳር፣ ጨው ወይም ጎጂ ስብ በዝቷል ማለት ነው። ለምሳሌ በ100 ግራም ውስጥ ከ10 ግራም በላይ ስኳር ያለው ደረቅ ምግብ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ግራም በላይ ያለው መጠጥ ቀዩን ይሸከማል። ለልጅ ልጆች የምትገዙትን ከረጢት ገልብጣችሁ እዩት።

መንግሥት በበኩሉ በ2022 በጣፋጭ መጠጦች ላይ ግብር ጥሎ በ2023 መጀመሪያ አንስቶታል። ግብሩ ድሃን ይጎዳል የሚሉ ነበሩ። ድሃን ከግብሩ ይልቅ የሚጎዳው በሽታው ነው ባይ ነኝ። ቢሆንም የእኛን ጤና ለክኔሴት ብቻ ትተን መቀመጥ አንችልም።

ዋናው ነጥቤ ወደሆነው ሥራ ልምጣ። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ በጽዳት፣ በጥበቃ፣ በፋብሪካና በወጥ ቤት ይሠራሉ፤ ብዙ ጊዜም በቀብላን በኩል። የሚያጸዱት መሥሪያ ቤት ምግብ ቤት ቢኖረው እንኳ የመሥሪያ ቤቱ ተቀጣሪ ስላልሆኑ ላይመለከታቸው ይችላል። ምሳቸው ከቤት የመጣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ሻይ ይሆናል፤ እርሱም በደረጃ ሥር ተቀምጦ የሚበላ። ለስኳር ታማሚ ሰዓቱን ያልጠበቀ ምሳ አደጋ አለው፤ በተለይ ኢንሱሊን ለሚወስድ።

እዚህ ላይ ሕጉ ከሠራተኛው ጎን ነው። በ1951 የወጣው የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰው ቢያንስ 45 ደቂቃ ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ሰዓቱ ሳይቆራረጥ መሆን አለበት። ይህ ዕረፍት ክፍያ ላይኖረው ይችላል፤ የቀብላኑ ችሮታ ግን አይደለም፤ መብት ነው። ልጆች ሆይ፣ የእናታችሁን የሥራ ሰዓት ጠይቁ፤ ዕረፍት ከተነፈጋት አብራችሁ ተናገሩላት።

ከቀጣሪዎች የምጠይቀው ከባድ አይደለም። አንድ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ማሞቂያ፣ ንጹሕ ወንበርና ጠረጴዛ። ምግብ ቤት ባለበት ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋም ከኢንጂነሩ እኩል በዚያው ዋጋ ትመገብ። የኔጌቭ ሳይንስ የኔጌቭን ምሳ መቀየር እንደሚቻል አሳይቷል። ያ ምሳ ለጽዳት ሠራተኛዋ ካልደረሰ ግን ጥናቱ ለእኛ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ከኩፓት ሖሊሞችም የምጠይቀው አለ። የምግብ ባለሙያ ለስኳር ታማሚ ምክር ስትሰጥ በሽሮና በምስር ስም ትስጥ። ይህ እንደሚቻል «ቴኔ ብሪኡት» የተባለው ማኅበር ለወገናችን በባህሉና በቋንቋው የጤና ትምህርት በመስጠት ካሳየ ቆይቷል። እናንተም ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ ጠይቁ። የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ ስለ ኢንሱሊን ማስተርጎም የለበትም።

በመጨረሻ ጥንቃቄ። ምግብ መድኃኒትን ያግዛል እንጂ አይተካም። አብሽም ቢሆን፣ የወይራ ዘይትም ቢሆን ክኒንን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። እንጀራና ስኳር ስትቀንሱ ደግሞ የመድኃኒቱ መጠን ሊበዛባችሁና ስኳራችሁ ከመጠን በላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ አመጋገባችሁን ከመለወጣችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። ኩማዲን የሚወስድ ሰው ጎመን በድንገት አያብዛ። ኩላሊቱን የታመመም በራሱ አይወስን። በኪፑርም ሆነ በሰግድ መጾም የሚፈልግ የስኳር ታማሚ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይምከር።

ከዚህ ውጭ የሚቀረው በእጃችን ያለ ነው። የሚቀጥለው የሦስት ወር የስኳር ምርመራ ቀጠሮ እስኪደርስ ሦስት ነገር ብቻ ሞክሩ፦ የቡናውን ስኳር በግማሽ፣ የትሪውን ግማሽ አትክልት፣ ኮላውን በውኃ። ከዚያ ውጤታችሁን ካለፈው ጋር አስተያዩ፤ ከነርሷ ጋርም ተነጋገሩበት።