የቴፑ ጉምጉምታ

ዛሬ ስለ ግጥም አላወጋችሁም። የማወጋችሁ ስለ አንድ ድምፅ ነው። ቴፕ ከፍታችሁ፣ ዘፈኑ ገና ሳይጀምር፣ ከስፒከሩ ሆድ «እምምም» የሚል ወጥና የማያቋርጥ ድምፅ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ሙያተኞች በፈረንጅ አፍ «ሃም» ይሉታል፤ እኔ ጉምጉምታ ልበለው። ጉምጉምታ በይፋ ያልተነገረ ቅሬታ ነው፤ ቃሉን የመረጥሁትም ለዚህ ነው። ዕቃው የከፋው ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን ጠይቆ የሚያውጣጣው ሰው ይፈልጋል።

ነገሩን ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ብዕር ማንሣት አይወድም፤ ጅቡቲ በሠራባቸው ዓመታት ድሬዳዋ ለእናቴ የሚልክላት ደብዳቤ በካሴት የተነገረ ነበር። ከሰላምታ ይጀምርና የጎረቤቱን ሁሉ ስም ይጠራል፣ ስለ ሙቀቱ ያማርራል፣ በመጨረሻ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ምክር ጣል አድርጎ ይሰናበታል። አሁን ሳስበው የቤታችን ሥነ ጽሑፍ እሱ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲጨርስ የእኛም ቤት ውሃ ገባው፤ እኛ ነፍሳችን ተረፈች፣ ካሴቶቹን ግን ጭቃ በላቸው። የቀሩት አክስቴ «ልስማቸው» ብላ ወደ ከዚራ የወሰደቻቸው 4 ብቻ ናቸው።

አምና እነዚህን ካሴቶች ወደ ላፕቶፕ ልገለብጥ አክስቴ ቤት ሄድሁ። ሳሎኗ ውስጥ ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ማጉያ አለ፤ ከሥሩ የካሴት ማጫወቻው። የድምፅ ሽቦውን ከማጉያው ወደ ላፕቶፑ እንዳገናኘሁ ጉምጉምታው ጀመረ። ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። «ግድ የለም፣ በኋላ በኮምፒውተር አጠራዋለሁ» ብዬ የመጀመሪያውን ካሴት ከነጉምጉምታው ገለበጥሁ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቴፑ በላው፤ ክሩ ተጨማድዶና ተበጣጥሶ ወጣ። ስለዚህ የዚያ ደብዳቤ ቅጂ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያጉረመርም።

«በኋላ አጠራዋለሁ» የሚለው አነጋገር ለምን እንዳታለለኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል። ጉምጉምታው የእሱ ልጅ ነውና በ50፣ በ100፣ በ150፣ በ200 ኸርዝ ላይ ይሰፍራል። የአዋቂ ወንድ የንግግር ድምፅ መሠረቱ ደግሞ በግምት ከ85 እስከ 180 ኸርዝ ነው። እንግዲህ ጉምጉምታውና አባቴ የተቀመጡት አንድ አግዳሚ ላይ ነበር። ማጣሪያውን ባጠበቅሁ ቁጥር ጉምጉምታው ቀነሰ፤ የአባቴም ደረት አብሮት ሄደ። ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሌላ ሰው መጣ። እርግጥ ነው፣ ቀጭን ቀጭን አድርገው የሚቆርጡ የተሻሉ ማጣሪያዎች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ከጉምጉምታው ጋር የወሰዱትን ድምፅ አይመልሱም።

ስለዚህ አቋሜን ግልጽ ላድርግ፤ ጉምጉምታ የሚፈለገው ከምንጩ ነው፣ የሚፈለገውም አንድ ቃል ሳይገለበጥ በፊት ነው። ድሬዳዋ በ1950ዎቹ አፍራን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን የተነሣባት፣ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው አሊ ቢራ የተወለደባት ከተማ ናት። በየሳሎኑ ቁምሳጥን ውስጥ ከተከማቹት ካሴቶች የትኛው የሠርግ ቤት ዘፈን፣ የትኛው የሟች ድምፅ ብቸኛ ቅጂ እንደሆነ ማን ያውቃል? አሮጌ ክር ደግሞ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል።

ሌላው የተለመደ መፍትሔ ከእኔው ስሕተት የከፋ ነው። «አቦ፣ ምን ያስጨንቅሃል! የኤርዙን ሽቦ ቁረጠው፣ ጸጥ ይላል» አለኝ ጥገና የሚሞካክር አንድ ጎረቤት። ቆረጥሁት፤ እውነትም ጸጥ አለ ማለት ይቻላል። ማታ ላፕቶፔን ነቃቅዬ ሰበሰብሁ። ቀጥሎ አክስቴ ዳንቴሉን ልትመልስ መጥታ የማጉያውን ብረት ብትነካ ነዘራት። ሙቀቱን ለማብረድ ውሃ በረጨችው ወለል ላይ ባዶ እግሯን ቆማ ነበር።

«ልጄ፣ ይኼ ዕቃ ስንት ዓመት አብሮኝ ሲኖር ነክሶኝ አያውቅም፤ ምን አድርገኸው ነው?» ስትለኝ የምገባበት ጠፋኝ።

የሆነው ይህ ነው፦ ላፕቶፑ እስካለ ድረስ ማጉያው በቀጭኗ የድምፅ ሽቦ በኩል የላፕቶፑን ቻርጀር ኤርዝ ተደግፎ ነበር። እሷን ስነቅላት ወደ መሬት የሚወስደው ምንም መንገድ አልቀረለትም። አክስቴን ያገኛት ሾልኮ የወጣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፤ ውስጥ ያለው ዋና ሽቦ ተልጦ ብረቱን ነክቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ስሜት በጻፍሁት ነበር። ኤርዝ የተዘረጋው እንዲህ ባለ ቀን የሰው ገላ መንገድ እንዳይሆን ነው። በማግስቱ አስቀጠልሁት። ከዚያ ወዲህ «ቁረጠው» የሚል ምክር በሰማሁ ቁጥር ዝም ማለት አልችልም።

መቁረጡ ጉምጉምታውን ማቆሙ ግን ፍንጭ ሰጠኝ። ማጉያው በአንዱ ግድግዳ ሶኬት በኩል ከመሬት ጋር ይገናኛል፤ ላፕቶፑም በቻርጀሩ በኩል በሌላው ግድግዳ። የድምፅ ሽቦው ደግሞ ሁለቱን እርስ በርስ ያገናኛቸዋል። ቀለበት ሆኑ ማለት ነው። በሁለቱ ሶኬቶች ኤርዝ መካከል ትንሽ ልዩነት ስለማይጠፋ በቀለበቱ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ ማጉያው ይህን ከሙዚቃ ለይቶ አያውቅም፣ አጉልቶ ያሰማዋል። ቀለበቱን ሰው በማይጎዳበት በኩል መክፈት ይቻላል። ሁለቱን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት አንድ ነገር ነው፤ ቻርጀሩን ነቅሎ ላፕቶፑን በባትሪው ማሠራት ደግሞ የበለጠ ቀላል ነው። ይህም ካልሆነ በድምፅ ሽቦው መካከል የሚገባ ትንሽ መለያ ትራንስፎርመር አለ። የጣሪያው ዲሽ ሽቦም ብዙ ጊዜ የቀለበቱ ተባባሪ ሆኖ ይገኛልና ከሪሲቨሩ ነቅላችሁ አድምጡ።

እኔ ቻርጀሩን ስነቅል ጉምጉምታው እጅግ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። አሁን የማጉያው ተራ ሆነ። የገቡትን የድምፅ ሽቦዎች ሁሉ ነቀልሁ፤ ቀጥዬ የድምፅ መጠኑን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግሁ። ጉምጉምታው አብሮ ዝቅ ቢል ኖሮ የመጣው ከመጠን መቆጣጠሪያው በፊት ካለው ክፍል ነው ባልሁ ነበር። ንቅንቅ አላለም። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው መብራቱን ተቀብሎ ከሚያጣራው ክፍል፣ በተለይም ከትልልቆቹ ካፓሲተሮች ላይ ያርፋል። እነዚህ በውስጣቸው እርጥበት ያዘሉ ናቸው፤ ሙቀት ያደርቃቸዋል። በሙያው ዘንድ የታወቀ ግምት አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያጥራል። የድሬዳዋን ፀሐይ አስቡት፤ ከዚያ ላይ ዳንቴሉን ጨምሩበት! አክስቴ ዕቃዋን ከአቧራ ስትጠብቅ ለዓመታት በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንዳስተኛችው ቁጠሩት። (ይህን ለእሷ አልነገርኋትም።) ካፓሲተር መቀየር ግን ለሠሪ የሚተው ሥራ ነው፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም የያዘው ኤሌክትሪክ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ሠሪ ሳልጠራ መሸ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ደግሞ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ የምንለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔም እሱኑ አልሁ። አክስቴ ሻማ ልትፈልግ ገብታ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ቴፕ ይዛ ወጣች። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ቴፑ ድንጋይ አለው፤ በቤቱ ውስጥ ከግድግዳ ጋር የተገናኘ አንድም ነገር የለም። ሁለተኛውን ካሴት ከተትሁና ተጫንሁት።

አባቴ ከነደረቱ መጣ። «እንደምን ሰነበታችሁ» ሲል ከጀርባው የቬንትሌተር ድምፅ ይሰማል። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።

ጥቂት ቆይቼ ስሰማ ከሥር ሌላ ጉምጉምታ አለ፤ ስስ፣ ሩቅ። ደነገጥሁ። ክሩን ሳቆመው አብሮ ቆመ፤ ሳስኬደው አብሮ ሄደ። ከመሣሪያ የሚመጣ ጉምጉምታ ክሩ ቢቆምም አይቆምም። ይህኛው ክሩ ላይ ያለ ነው፤ አባቴ ጅቡቲ ሆኖ ሲቀዳ መቅጃውን ከግድግዳ ሰክቶት ነበር ማለት ነው። የዚያ አገር መብራትም በ50 ኸርዝ ይሠራል። የድምፅ ማስረጃ መርማሪዎች በቅጂ ውስጥ የቀረውን የመብራት ጉምጉምታ ጥቃቅን መዋዠቅ ተከትለው ቅጂው መቼ እንደተቀዳ እንደሚያጣሩ አንብቤያለሁ። እኔ ግን ያሰብሁት ስለ ክፍሉ ነው፤ ስለ ቬንትሌተሩና ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠግቶ ስለተቀመጠው ሰው። ይህኛውን አልነካሁትም፤ ቢቻልም አልነካውም።

ሁለተኛው ካሴት በሰላም አለቀ። ሦስተኛው መጨረሻው ላይ ሲደርስ የባትሪ ድንጋዩ ደከመና አባቴ ቃላቱን እየጎተተ፣ ድምፁ እየወፈረ መናገር ጀመረ። አቆምሁት። አዲስ ድንጋይ ገዝቼ የቀረውን ቁራጭና አራተኛውን ካሴት ልገለብጥ ለገና ድሬዳዋ እወርዳለሁ።