የደቂቃ ሌቦች

ሰሞኑን አንድ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ፣ የመደብ ትግል የሚባለው ምቀኝነት ነው፣ ደሀው የባለጸጋውን ሲያይ ዓይኑ ይቀላል፣ ማርክስም ለዚያ ቅናት ፍልስፍና ሰፋለት ሲል ሰማሁ። ጠያቂዋ “ልክ ነው” ብላ አለፈችው። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች የማርክስ ጠበቃ እንዳልሆንኩ ያውቃሉ። ከማርክሲስቶቻችን ጋር ያለኝም ጠብ የቆየ ነው፤ ሰድቤያለሁ፣ ተሰድቤያለሁ። ቢሆንም ሰውዬውን የሚወቅስ ሰው ቢያንስ መጽሐፉን ይግለጥ።

“ካፒታል” የመጀመሪያው ቅጽ ላይ ስለ ሥራ ቀን ርዝመት የሚያትት ረጅም ምዕራፍ አለ። እዚያ ያለው ጠብ የሰዓት ጠብ ነው። የእንግሊዝ ፋብሪካ ሥራ ከጧቱ 12 ሰዓት ይጀምርና ማታ 12 ላይ ያበቃል እንበል። ባለቤቱ ማሽኑን ሩብ ሰዓት አስቀድሞ ያስነሳል። ከቁርስ መግቢያና መውጫ አምስት አምስት ደቂቃ ይቆነጥራል፣ ከምሳ ሃያ፣ ማታ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያስመሻል። በቀን 60 ደቂቃ መጣ። ቅዳሜ 40 ብቻ ነው፣ እግዜር ይስጠው! በሳምንት 5 ሰዓት ከ40፣ በዓመት 27 የሥራ ቀን ያለ ክፍያ። ስሌቱን ማርክስ ከመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ሪፖርት ላይ አገኘው እንጂ ከልቡ አላፈለቀውም።

ተቆጣጣሪዎቹን የሾመው እ.ኤ.አ. የ1833ቱ የፋብሪካ ሕግ ነው። ሲጀመር ለአገሩ ሁሉ አራት ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ሌኦናርድ ሆርነር የሚባል ስኮትላንዳዊ ሲሆን፣ ባለ ፋብሪካዎቹን ዳኛ ፊት እያቆመ፣ ዳኞቹም ራሳቸው ባለ ፋብሪካ እየሆኑበት፣ ዓመታት ተሟገተ። ሰው ለማመስገን እጁ የሚከብደው ማርክስ፣ ይህ ሰው ለእንግሊዝ ሠራተኛ የዋለው ውለታ እንደማይሞት ጽፎለታል። አስቡት፤ የዚያ ሁሉ አብዮት መጽሐፍ ጀግናው ደመወዝተኛ ሹም ነው።

የኛ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ዘለሉት። አንድ የድሮ ጓድ ለቅሶ ቤት አግኝቼ ስለ ሆርነር ብጠይቀው “የየትኛው አንጃ ነው?” አለኝ። አልፈርድበትም። “መሬት ላራሹ” ብሎ ለወጣ ልጅ፣ ፋብሪካ በጣት በሚቆጠርበት አገር፣ የሚጥመው የመሬቱ ወሬ ነው። እሱም መጽሐፉ ውስጥ ሞልቷል። ከ1814 እስከ 1820 ድረስ በሰዘርላንድ፣ ስኮትላንድ፣ ወደ 15,000 ሰው ከቀዬው ተነቅሎ መሬቱ ለበግ ተለቀቀ። ካፒታሊዝምን የእንፋሎት ሞተር ወለደው የሚሉት ይህን አያነሡትም። የራሱ ማሳ ያለው ሰው እኮ ቁርሱን ሲሸራርፉበት ጥሎ ይሄዳል። ማሽኑ ፊት የሚቆመው መሄጃ ያጣው ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የደራሲው ቀለብ ነው። ፍሪድሪክ ኤንግልስ ከ1850 ጀምሮ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ማንቸስተር ውስጥ “ኤርመንና ኤንግልስ” በተባለው የጥጥ ክር ድርጅት ቢሮ ተቀምጦ ሠራ፤ በ1864 ሸሪክም ሆነ። ከዚያ ከሚያገኘው ላይ ሎንዶን ላለው ጓደኛው ይልካል። ሌባ እንዳይበላው የብር ኖቱን ለሁለት ይቆርጥና ግማሹን በአንድ ደብዳቤ፣ ግማሹን በሌላ ይሰደዋል። እነ ማርክስ ቤት ሁለቱ ግማሾች እስኪገናኙ ይጠበቃል፤ ባለ ሱቁም አብሮ ይጠብቃል።

ግብዝ ነው የሚሉት አሉ፤ ይበሉ። እኔ ኤንግልስን የምታዘበው በሌላ ነው፤ ቅዳሜ ከቼሻየር መኳንንት ጋር በፈረስ ቀበሮ ማሳደዱን ለምን እንደዚያ እንደወደደው ዛሬም አይገባኝም። ክር ነግዶ ያመጣው ገንዘብ ግን በ1867 ሃምቡርግ ላይ የታተመውን መጽሐፍ ደራሲ ሲያበላ ኖሯል።