እግሩን ለሰጠን ሰው መንገዱን ነፍገነዋል!

ወገን፣ ቡሳንን ታውቋታላችሁ? የደቡብ ኮሪያ ወደብ ናት። የቃኘው ሻለቃ አባቶቻችን በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ከመርከብ የወረዱት እዚያ ነው። ከዚያ ተነስተው ሲዋጉ ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ምርኮኛ አልሰጡም። ይህን ሁላችንም በየዓመቱ ፖስት እናደርጋለን፣ ደረታችንንም እንነፋለን። ደግ!

ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለዚያች ከተማ ሆስፒታል ነው።

ቡሳን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የዘማቾች ሆስፒታል አለ። ልብ በሉ፣ «ሴኡል አለልን» ብለው አልተቀመጡም። በ1987 ጓንግጁ፣ በ1993 ዴጉ፣ በ1997 ዴጆን፣ በ2018 ደግሞ ኢንቾን ላይ ከፈቱ። በጦርነት የቆሰለ ሰው በመንግሥት ወጪ ይታከማል። ቀዶ ሕክምና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፊዚዮቴራፒ አለ፣ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚሠራ ማዕከል አለ፣ ለደከሙት መጦሪያ አለ። ሌላውም ነዋሪ ከፍሎ ይታከምበታል።

«እነሱማ ሀብታም ናቸው» የምትል አለህ። ስማኝ ወንድሜ፣ የዘማቾችን ጉዳይ የሚይዝ መሥሪያ ቤት ያቋቋሙት በ1961 ነው፣ ገና ድሃ ሳሉ! ሀብቱ ኋላ ነው የመጣው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ሰፈራችን ውስጥ ጋሼ የምንላቸው አንድ ወታደር አሉ። ግራ እግራቸውን ባድመ ግንባር ፈንጂ ወስዶታል። ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞላቸው ነበር። ግን ይሄ ነገር ዕድሜ ልክ አይቆይም፣ ያልቃል። የተቆረጠውም እግር ከጊዜ ጋር ይከሳል፣ ማቀፊያው ይሰፋል፣ ሥጋውን ይልጠዋል። ጋሼ በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚሄዱት። የከተማችን ሆስፒታል ወስጃቸው የተባልነው አንድ ነገር ነው፦ «አዲስ አበባ ውሰዳቸው።» በምን ብር? የማን ቤት አድረው? እኔስ በምን ልሸኛቸው?

እኔ ማን ነኝ? ነርሲንግ ተመርቄ ሦስተኛ ዓመቴን ሥራ የምጠብቅ ሰው። ቁስላቸውን የማጥበው እኔ ነኝ፣ በረንዳ ላይ። አካሚ ያጣ ወታደርና ታካሚ ያጣ ነርስ አንድ አጥር ሥር ፀሐይ እንሞቃለን። ይሄ ያስቃል ወይስ ያስለቅሳል?

«ጦር ኃይሎች ሆስፒታል አለ» ትሉኛላችሁ። አዎ አለ፣ አዲስ አበባ። ለቃኘው ዘማቾች ነፃ ሕክምና የሚሰጠውን የኮሪያ ሆስፒታልንም ያቆሙልን ኮሪያውያን ናቸው፣ እሱም አዲስ አበባ። ሰው የዘመተው ግን ከየገጠሩ ነው። ሲዘምት መኪና ቤቱ ድረስ መጥቶ ወሰደው። ቆስሎ ሲመለስ ግን «በራስህ ና» ይባላል!

አዲስ ሕንፃ ሥሩልን አላልንም። በየክልሉ ካሉት ሪፈራል ሆስፒታሎች በአንዱ አንድ ክፍል ለዘማቾች ይከፈት። ሰው ሠራሽ እግር የሚጠግን ወርክሾፕ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የአእምሮ ሕክምና ይኑረው። ሥራ ፈተን የተቀመጥነውን የጤና ተመራቂዎች ቅጠሩበት። ደግሞ «በማን ዘመን ነው የዘመትከው?» ብሎ ጥያቄ የለም። የንጉሡም፣ የደርግም፣ የኢሕአዴግም፣ የዛሬውም ወታደር ቁስሉ አንድ ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ያየነው ይበቃናል።

እኛስ? ላይክ ብቻ አይሆንም። በየሰፈራችሁ ያሉትን የጦር ጉዳተኞች ሄዳችሁ ጠይቁ። ምን እንደጎደላቸው፣ ስንት ዓመት እንደጠበቁ ጽፋችሁ፣ ፈቃዳቸውን ይዛችሁ፣ ለወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት አስገቡ። መልስ ካልሰጡ ተመለሱ። አሁንም ተመለሱ።

በመጪው የድል በዓል ፕሮፋይልህን በባንዲራ ከማስዋብህ በፊት ያንን ባንዲራ ተሸክሞ የቆሰለውን ጎረቤትህን «ጋሼ፣ እግርዎ እንዴት ነው?» በለው።

ክብር ለሞቱልን! ሕክምና ለቆሰሉልን!
ሼር አድርጉት።