ባሕታዊው ሸርጣንና የዛፍ ልጥ

በአሜሪካ ልጆች በቤታቸው የሚያሳድጉት አንድ ትንሽ ፍጥረት አለ። ስሙን ባሕታዊ ሸርጣን ይሉታል፤ ይኸውም ልስልስ የሆነውን የኋላ አካሉን ለመሸሸግ በባዶ የቀንድ አውጣ ዛጎል እንደ በኣት ስለሚገባበት ነው። ነገር ግን ስሙ አያታልለን፤ በአገሩ የሚኖረው ከወገኖቹ ጋራ በብዛት ሆኖ ነው።

አሳዳጊዎቹ ለመወጣጫ ብለው በመስታወት ሣጥኑ ያኖሩለትን የዛፍ ልጥ እየቆነጠረ ሲበላው ያዩና ይደነቃሉ። ተርቦ ይሆንን? የግድ አይደለም። ይህ ሸርጣን በካሪቢያን ደሴቶች ሲኖር የወደቀውን ቅጠልና ፍሬ፥ የበሰበሰውን እንጨት፥ የሞተውንም እንስሳ ሳይንቅ የሚለቅም ነው። በልጥም ውስጥ ካልሲየምን የመሰለ ማዕድን ይገኛል፤ በበሰበሰው ላይ ደግሞ ሻጋታና ጥቃቅን ሕይወት ያድርበታል። አሮጌ ቅርፊቱን ጥሎ አዲሱን ሲያጸና ካልሲየም እጅግ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ንጹሕ የባሉጥ ልጥ ይስማማዋል፤ እንደ ጥድ ያለ ሙጫ የበዛበት ወይም ፀረ ተባይ የተረጨበት ግን አይሰጠውም።

ወላጆች ሆይ፥ አንድ ነገር እናስተውል። በገበያ የሚሸጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከባሕር ዳርቻ የተለቀሙ ናቸው፤ በሣጥን ውስጥ መዋለድ ይቸግራቸዋልና። እስከ 30 ዓመት ሊኖር የሚችለው ፍጥረት በደረቅ አየርና በማይስማማ ምግብ ምክንያት ብዙ ጊዜ በጥቂት ወራት ይሞታል። ልጁ «ግዙልኝ» ሲል መግዛቱ ቀላል ነው። ከአገሩ ያወጣነውን እንስሳ ግን ቢያንስ የአገሩን እርጥበትና ምግብ ልንነፍገው አይገባንም።